አንድ ጨርቅ ለሁሉም ክንድ

ሲስተርን የሚያውቅ ሁሉ ባዶ ሳጥን እንደማትወድ ያውቃል። ቅጽ ላይ ያለችውን ማለቴ ነው፤ «ዕድሜ»፣ «ክብደት»፣ «ግፊት» እየተባለ የሚሞላባትን ትንሿን አራት ማዕዘን። ሌላው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሞላውን ሞልቶ፣ የጎደለውን ለእግዜር ትቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እሷ አንዲት ሳጥን ከቀረች ታካሚውን ከበር ላይ ጠርታ ትመልሳለች።

«የእናትዎን ዕድሜ አልነገሩኝም።»

«ሞተዋል እኮ ሲስተር።»

«ሲሞቱስ ስንት ነበሩ?»

እንዲህ ናት። ክፍል ቁጥር አራትን፣ የግፊትና የስኳር ታማሚዎች የሚታዩበትን ክፍል፣ አስራ አንድ ዓመት የያዘችው በዚህ ጠባይዋ ነው።

ጠባዩ ከየት እንደመጣም አይጠፋትም። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምድጃው ፊት እንደቆሙ፣ ዳቦ የሚያወጡበት ረጅም እንጨት ከእጃቸው ወደቀ፤ እሳቸውም ተከተሉት። ግፊት እንደነበረባቸው የተጠረጠረው ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ በሕይወታቸው አንድ ቀን የለካቸው ሰው አልነበረም። ያኔ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፣ ታላቅ ወንድሟ የሃያ። ወንድሟ የወደቀውን እንጨት አንስቶ በአባቱ ቦታ ቆመ፤ ከዚያው ምድጃ አብልቶ፣ ከዚያው አስተምሮ፣ ነጭ ጋውን አስለበሳት። ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ግፊቱንም ከአባቱ ወረሰ። ሲስተር በዚህ ዓለም ላይ አንድ የምትፈራው ነገር ቢኖር የዚያን እንጨት መውደቅ ሁለተኛ መስማት ነው።

ወንድሟን ሰፈሩ «ሽቦው» ይለዋል። ዳቦ ሲጋግር ኖሮ ዳቦ ቀምሶ የማያውቅ ነው የሚመስለው፤ ክንዱ ከመጥረጊያ እጀታ አይወፍርም። «ኧረ ከምትሸጠው አንዷን ዋጥ አድርግ!» ሲሉት፣ «እኔ ከበላሁት እናንተ ምን ልትበሉ ነው?» ይላል። ለእሷ ግን ጋሼ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ ክፍል አራት ይመጣል፤ ትለካዋለች፣ ክኒኑን ትሰጠዋለች፣ እየተቆጣች ትሸኘዋለች። በክኒኑም ቢሆን መቶ ሃምሳ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው።

ከስምንት ወር በፊት ከላይ መመሪያ መጣ። ሥር የሰደዱ በሽታዎችን አስቀድሞ ለመከላከል የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲ ማስፈጸሚያ ነው፤ ውፍረቱ የግንብ ድንጋይ ያክላል። ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ለበር መደገፊያ ሳያደርጉት አልቀሩም። ሲስተር ግን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይለካ ይላል። ዳቦ ቤቶች ከሊጣቸው ጨው ሲሶውን ይቀንሱ ይላል። ግፊቱ ሦስት ወር በተከታታይ የወረደለት ሰው ደግሞ አረንጓዴ ካርድ ይሰጠው፣ መድኃኒቱ ተቀንሶ ይቁም፣ ቀጠሮውም ከወር ወደ ሦስት ወር ይራቅ ይላል። ይህቺን የመጨረሻዋን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሦስት ጊዜ አስምሮባታል፤ መድኃኒት እያለቀ መከራውን የሚያየው እሱ ነውና።

ጨው በመቀነስ የመጀመሪያው ጋሼ ነበር። ደንበኞቹ አፋቸውን አጣመሙ። «ሽቦው፣ ዳቦህ እኮ የሆስፒታል አንሶላ አንሶላ ይላል» አሉት። ግማሾቹ መንገድ ተሻግረው ከሌላው ዳቦ ቤት መግዛት ጀመሩ። እሱ ንቅንቅ አላለም። «እህቴ አውቃ ነው» ይላል፤ ሌላ ማስረጃ አይጠራም። ለዚህ ሰውዬ የእህቱ ቃል መሐላ ነበር፤ ያንን ደግሞ እሷም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል፣ ትንሽም ያስፈራታል።

ሁለት ወር ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ወር የግፊት መለኪያው ጨርቅ፣ ያ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋው፣ ስምንት ዓመት አገልግሎ ተቀደደ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ካልተከፈተ ካርቶን አዲስ አወጣላት። ሰፊ፣ ሰማያዊ፣ ለማንም ክንድ የማይጠብ። ሲስተር ወደደችው። ከዚያ ወዲህ «ኧረ አመመኝ፣ ላላ አድርጊው» ያላት ሰው የለም።

እና ግፊቱ መውረድ ጀመረ።

መመሪያው ራሱ በጨው መቀነስ ሁለት ሦስት ነጥብ ከወረደ ትልቅ ነገር ነው ይላል። እዚህ አስራ አምስት ወረደ፤ በአንዳንዱ ላይ ሃያ አምስት። ሲስተር አንድ ቀን እስክሪብቶዋን ጥርሷ ላይ እያንኳኳች፣ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር አልበዛም?» ብላ ኃላፊውን ጠይቃዋለች። እሱም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ስትለፊ ኖረሽ ፍሬውን ስታዪ ደነገጥሽ?» አላት። ሳቀች። መጥፎ ቁጥር ሲመጣ ሁለቴ ሦስቴ የምትለካ ሴት፣ ደግ ቁጥር ሲመጣ አንድ ጊዜ ለክታ ሳጥኑን ትሞላለች። በዚህ እሷን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ደስ ያለውን ቁጥር ገልብጦ የሚያይ ሰው እኔም አላየሁም።

ሁለት መቶ አስራ ሁለት ሰው አረንጓዴ ካርድ ተቀበለ። ጋሼም ተቀበለ። መቶ ሃያ ስድስት፣ መቶ ሃያ አራት፣ መቶ ሃያ ሁለት፤ ሦስት ወር በተከታታይ። ፊርማው የኃላፊው ቢሆንም «ይቁምለት» ብላ የጻፈችው እሷ ናት። ጋሼ የተረፉትን ክኒኖች በወረቀት ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት።

«በይ፣ ለታመመ ስጪልኝ» አላት፤ ካርዱንም ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የዚያን ቀን ሲስተር ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሸከመችው ፍርሃት የወረደላት መስሏት ነው።

ከዚያ ነገሮች መጡ፤ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ጠዋት ተማሪዎች ሲመጡ በሩ አልተከፈተም፤ ዘበኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ መጥረጊያውን ጉልበቱ መሃል እንዳቆመ፣ ቀዝቅዞ ተገኘ። «ዕድሜ ነው» ተባለ። ስልሳ አንድ ነበር። ቀጥሎ አትክልት ሻጯ፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ዞረ። «ብርድ መቷት ነው» ተባለ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ እትዬ እየመጡ፣ «ማጅራቴን በመዶሻ የሚቀጠቅጠኝ አለ፤ ጆሮዬም ይጮኻል» ይሏት ጀመር። ሲስተር ለካቻቸውና፣ «ኧረ እትዬ፣ ግፊትዎ የልጃገረድ ግፊት ነው» አለቻቸው። እሳቸውም አፍረው፣ እንደ ወስላታ ጎንበስ ብለው ወጡ።

ሦስቱም አረንጓዴ ካርድ ነበራቸው። ሲስተር ይህንን መዝገቡ ላይ አይታዋለች፤ አይታም ገጹን ገልብጣዋለች።

ሐሙስ ከላይ ጎብኚዎች እንደሚመጡ ተነገረ። የጤና ጣቢያው ውጤት አገር ሊያስተምር ነው፤ መጀመሪያ ክፍል አራትን ያያሉ፣ ከዚያ በእግር ዳቦ ቤቱ ሄደው ጨው የቀነሰውን ጋጋሪ ያነጋግራሉ። ኃላፊው ግድግዳውን አስቀባ። ጋሼ ለሐሙስ ነጭ ቆብ ገዛ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ ያለ ቀጠሮአቸው መጡ። ግድግዳውን እየተደገፉ ነው የገቡት። ሲስተር ክንዳቸውን በሰማያዊው ጨርቅ ጠመጠመች፤ መቶ ሠላሳ አራት። «ደህና ነዎት እኮ» ልትል አፏን ስትከፍት አዋላጇ በሩን ከፍታ ገባች። ጓደኛዋ ናት፤ ሳታንኳኳ የምትገባ።

«አንቺ፣ ጓንት ተርፎሽ እንደሆነ...» አለችና ቆመች። ዓይኗ የእትዬ ክንድ ላይ ተተከለ። ጨርቁ ሁለት ዙር ዞሮ፣ ጫፉ ብብታቸው ስር ገብቷል። «ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?»

«የምን ያንቺ?»

«ለወፍራም እናቶች ብዬ ያዘዝኩት! ትልቁን! የንብረት ክፍሉ ሰውዬ አልመጣም እያለ ሲያመላልሰኝ የከረመው ይሄንን ነው? ለእሳቸው ደግሞ ምን ያደርግላቸዋል? ይሄ እኮ የእሳቸውን ወገብ ይዞራል።»

ሲስተር ጨርቁን ፈትታ ገለበጠችው። በውስጥ በኩል፣ ክንድ በሚነካው ጎን፣ አንድ ነጭ መስመር ታትሟል፤ አጠገቡም «ለወፍራም ክንድ ብቻ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ስድስት ወር በየቀኑ ይዛዋለች። በቅጽ ላይ ያለ ጽሑፍ አንድ ፊደል የማያመልጣት ሴት፣ ጨርቅ ላይም ይጻፋል ብላ አላሰበችም።

«አንቺ የምትለኪበትን አምጪልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር።

አዋላጇ ከማዋለጃ ክፍል ለቀጭን ክንድ የሚሆነውን ትንሹን ግራጫ ጨርቅ ይዛ ሮጣ መጣች። ሲስተር እትዬን እንደገና ለካች። መቶ ሰባ ስምንት። ጨርቁን አስተንፍሳ ደገመች። መቶ ሰባ ስድስት።

ትልቅ ጨርቅ ቀጭን ክንድ ላይ ሲጠመጠም ቁጥሩ ያንሳል፤ ይህንን ሁለቱም በተማሪነታቸው ፈተና ላይ መልሰውታል። የወረደ ግፊት አልነበረም። የአገሬው ሰው ግፊት እዚያው የነበረበት ላይ ነበር፤ መድኃኒቱን ከተነጠቀ ወዲህ ደግሞ ከዚያም አልፏል።

ዘበኛው ትዝ አላት። ከዚያ የመጥረጊያ እጀታ የሚያህለው ክንድ ትዝ አላት፤ በዚህች ከተማ ከጋሼ የቀጠነ ክንድ የለም።

ወደ ዳቦ ቤቱ ለመሄድ ብድግ እንዳለች ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ፤ ከረባት አስሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ።

«መጡ! በር ላይ ናቸው! እትዬ፣ እባክዎ በጓሮ በኩል...»

«ዶክተር፣ ጨርቁ ልክ አይደለም። ቁጥሩ በሙሉ...»

«ከእንግዶቹ በኋላ።»

«ጋሼ ክኒን ካቆመ ሁለት ወሩ ነው።»

«ሲስተር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሁላችንም እሱው ዳቦ ቤት ነን። ሁለት ወር የቆየ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል አያቅተውም።»

እውነት መሰላት። ልንገራችሁ፣ እውነት ባይመስላትም ትቀር ነበር፤ በሩ ላይ የእንግዶች ጫማ ይሰማል፣ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል፣ አስራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው። ለእትዬ ክኒን ሰጥታ ከአዋላጇ ጋር በጓሮ ሸኘቻቸው። ግራጫውን ጨርቅ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ፈገግ አለች።

እንግዶቹ አራት ነበሩ። መሪያቸው መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። መዝገቡን እየገለጡ፣ «አንዲት ባዶ ሳጥን የለችም!» አሉ። «እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም።» ሲስተር አመሰገነች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሲል ሰማችው፣ ሦስት ተኩል ሲል ሰማችው። ኃላፊው ስለ ጨው ተናገረ፤ ስለ ጨው ደግሞ ተናገረ።

ዳቦ ቤት ሲደርሱ አራት ሰዓት ነበር። ጋሼ አዲሱን ቆብ አድርጎ፣ ጀርባውን ምድጃው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሞ ጠበቃቸው። ግራ እጁን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ሊጥ የምታቦካው ሠራተኛ ጥግ ላይ ቆማ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሲስተርን ታያለች።

«መጀመሪያ ላይ ሰው አኩርፎ ነበር» አለ ጋሼ ለመሪዋ፤ አነጋገሩ ዛሬ ዘገም ብሏል። «የሆስፒታል አንሶላ... አሉኝ። እኔ ግን እህቴን አምናለሁ። ይኸው ድኛለሁ።» በቀኝ እጁ ከደረት ኪሱ አረንጓዴውን ካርድ አውጥቶ አሳየ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«እስቲ እዚሁ ይለኩልን» አሉ መሪዋ። «ፎቶም ይሁን።»

ኃላፊው ይዞት የመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ በደስታ አቀበላት። ሲስተር ተቀበለችና ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ግራጫውን ከኪሷ አወጣች። ኃላፊው ዓይኑን አጉረጠረጠ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። የጋሼን ቀኝ ክንድ ጠመጠመች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ነፋች። መቶ ሰማንያ ላይ ይመታል። ሁለት መቶ ላይ ይመታል። ጨመረች።

«ስንት ነው?» አሉ መሪዋ፤ እስክሪብቶአቸውን አዘጋጅተዋል።

«ሁለት መቶ አስራ ስምንት።»

ኃላፊው ሳቀ። «በእንግዳ ፊት ደንግጦ ነው!»

«አልደነገጠም» አለች ሲስተር። ድምፅዋ ምድጃው ቤት ውስጥ አስተጋባ። «የማንም ግፊት አልወረደም። ስድስት ወር ሙሉ ሰዉን በማይሆን ጨርቅ ስለካ ነበር። መድኃኒቱን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት። ጋሼ፣ ተቀመጥ። ተቀመጥልኝ።»

ጋሼ አያት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሊቀልድ እንደፈለገ ፊቱ ያስታውቃል፤ የቀኝ ከንፈሩ ወደ ፈገግታ ሄደ፣ የግራው አልተከተለም። ሊቀመጥ ሲል በግራ እጁ ጠረጴዛውን መያዝ ነበረበት፤ እጁ ግን ከኪሱ አልወጣም። ትከሻው አጠገቡ የቆመውን የአባቱን ዳቦ ማውጫ እንጨት ገፋው። እንጨቱ ግድግዳውን ታክኮ ተንሸራተተና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሲስተር ድምፁን አወቀችው።

ደግፋ መሬት ላይ ስታስቀምጠው አቡኪዋ ማልቀስ ጀመረች።

«ሁለት ሰዓት ላይ ነው ትሪ የጣለው» አለች። «እጄን ደነዘዘኝ አለ። ሲስተርን ልጥራት ስለው፣ 'እንዳትነግሪያት! ዛሬ ቀኗ ነው፣ አታበላሺባት' ብሎ አስማለኝ።»

በእንግዶቹ መኪና ወሰዱት። መሪዋ ማስታወሻቸውን ዘግተው ከፊት ተቀመጡ። ሲስተር የጋሼን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ለአዋላጇ ደወለች።

«መዝገቡን አውጪ። አረንጓዴዎቹን ሁሉ ጥሪያቸው። ከአትክልት ሻጯ ጀምሪ።»

«ሁሉንም? ሁለት መቶ ሰው?»

«ሁሉንም።»

«ዶክተር ሰው እንዳታስደነግጡ ብሎ አሁን ደውሎ ነበር፤ መዝገቡንም ከእናንተ ጋር ሲወጣ ቢሮው አስገብቶ ቆልፎበታል...»

«እንግዲያው ቤት ለቤት ሂጂ» አለች ሲስተር። መኪናው ከተማውን አቋርጦ ሲበር በመስኮቱ ሰዎች አየች፤ ቅርጫት የያዙ፣ በር ላይ የቆሙ፣ የሚስቁ። የማንኛቸው ኪስ ውስጥ አረንጓዴ ካርድ እንዳለ ከፊታቸው አይታወቅም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ተረኛው ሐኪም ጠበቃቸው። ወጣት፣ ፈጣን፣ ደግ ፊት ያለው። ጋሼን በአልጋ እየገፉት ሳለ ከጎኗ እየተራመደ ቅጽ አውጥቶ ይሞላ ጀመር። የጋሼን ደረት ኪስ ሲፈትሽ ካርዱን አገኘ።

«መቶ ሃያ ሁለት» አለ አንብቦ። «ጥሩ ክትትል ነበረው። መድኃኒት ይወስዳል?»

«ቆሟል።»

«ማን አስቆመው?»

«እኔ።»

ሐኪሙ አንዴ ቀና ብሎ አያትና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ጊዜ የለውም። «ሕክምናውን የሚወስነው ሰዓቱ ነው፤ ካልታወቀ ዋናውን መድኃኒት መስጠት አይቻልም። ለመጨረሻ ጊዜ ፍጹም ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?»

ሲስተር አፏን ከፈተች። ሁለት ሰዓት ላይ ትሪ ጥሏል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሷ አውቃለች። አራት ሰዓት ላይ ደርሳለታለች። ይህንን ሁሉ ታውቃለች፣ ይህንን ሁሉ ለሐኪሙ በቅደም ተከተል ነገረችው። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«የጣለበትን ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት። ደህና መሆኑን ያረጋገጣችሁበት። እዚህች ሳጥን ውስጥ የምትገባውን።»

ጋሼ ከአልጋው ላይ በቀኝ እጁ የጋውኗን ጫፍ ያዘ። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ መልሱን እንደምታውቅ አልተጠራጠረም።

«አላውቅም» አለች ሲስተር። «ስድስት ወር ሙሉ በልኩ ለክቼው አላውቅም።»

ሐኪሙ ሳጥኑን ባዶ ትቶ አልጋውን ወደ ውስጥ ገፋው፤ ዱቄት የነካው እጅ ከጋውኗ ላይ ተላቀቀ።